ስም ለዕቃው፣ ግስ ለሕመሙ፦ በአንድ የአሮጌ ቮልስዋገን ጥገና መመሪያ የቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሒስ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ድርጅት ለሠልጣኞቹ በአማርኛ አስተርጉሞ ያባዛውን የጥገና መመሪያ ከነቃላት ዝርዝሩ ለአስተያየት ልኮልኝ ነበር። መመሪያው ስለ አሮጌ የጀርመን አውቶሞቢሎች፣ በተለይም በአገራችን «ቮልስ» እየተባለች ስለምትጠራው ክብ ጀርባ ቮልስዋገን፣ ብልሽት አፈላለግና አጠባበቅ የሚናገር ነው። የድርጅቱን ስም መጥቀስ ለዚህ ሒስ አያስፈልግም። እዚህ የሚነቀፈው ጉድለት የአንድ ድርጅት ብቻ ሳይሆን፣ እኛ የቃላት ሥራ ባለሙያዎች ለብዙ ዘመን ስናስተምረው የኖርነው አሠራር ያስከተለው ነው። ይህ ጸሐፊም ከተወቃሾቹ አንዱ ነው።

ርእሰ ጉዳዩ ለቋንቋ ባለሙያዎች የማይመጥን የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። የዚህች መኪና ምርት በሜክሲኮ በፑዬብላ ፋብሪካ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ካበቃ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዳገቶች ላይ ዛሬም እየተንጫጫች ስትወጣ የምትታየው ከእነዚያ የተረፈችው ናት። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በ2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የጥቂት አፍቃሪዎች ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ የዚህን መመሪያ ቃላት የሚያነበው ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተመራማሪ አይደለም፤ በአንድ እጁ መፍቻ የያዘ፣ በሌላው እጁ ገጹን በግራሶ እያቆሸሸ የሚገልጥ ወጣት ነው። ያነበበውን ወዲያው ያደርገዋል።

መመሪያው በጎ ጎን አለው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ የሥራው ቅደም ተከተል አልተዘበራረቀም፤ አኀዞቹም ትክክል ናቸው። ሞተሩ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት እንደሚይዝ፣ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ሲሊንደሮቹ በ1-4-3-2 ተራ እንደሚቀጣጠሉ ያለ ስሕተት ተጽፏል። (አኀዝ ከትርጉም በደኅና የሚተርፈው ማንም ሊያሳምረው ስለማይሞክር ይመስለኛል።)

ችግሩ የሚጀምረው ከቃላቱ ላይ ነው። አዘጋጆቹ የተከተሉት መርሕ ከጣልያንኛ የመጡትን የጋራዥ ቃላት በተቻለ መጠን በአማርኛ አቻ መተካት ነው። ዓላማው በራሱ አይነቀፍም። እንደሚታወቀው የጋራዥ ሥራ በአገራችን የተስፋፋው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን በመሆኑ፣ የመኪናን አካላት ስም በአብዛኛው ያገኘነው ከዚያው ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ቡለን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፤ ከመኪናው አካል አልፎ ታርጋውና ቦሎው እንኳ የጣልያንኛ ልጆች ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመት ሄደ፤ ዳዶው ቀረ።

በዝርዝሩ ውስጥ ካንዴላ «ብልጭታ ሰጪ» ተብሏል። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ጀርመኖችም ይህንኑ ዕቃ ጹንድከርጸ፣ ማለትም የማቀጣጠያ ሻማ ይሉታል። ነገር ግን ካንዴላ የሚል አማርኛ ተናጋሪ ሻማ በዐይኑ አይዞርም፤ የሚታየው ነጭ የሸክላ አንገት ያለው ዕቃ ብቻ ነው። ቃሉ ምንም ሳይገልጽ ያመለክታል። «ብልጭታ ሰጪ» ግን ከማመልከቱ በፊት ይገልጻል፤ የሚገልጽ ቃል ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። በዚህች መኪና ላይ ብልጭታ የሚወጣው ከካንዴላ ብቻ አይደለም፤ ፑንቲናውም ሲከፈት ይብለጨለጫል። ሠልጣኙ «ብልጭታ ሰጪውን ፍታ» ቢባልና ፑንቲናውን ቢፈታ ማን ይፈርድበታል?

ከዚህ የከፋው የኮፈን ዕጣ ነው። ኮፈን «የሞተር ክዳን» ተብሎ ተተርጉሟል። የቮልስ ሞተር ያለው በስተኋላ ነው! በፊት ያለውን ክዳን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ጎማውን፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውንና ቦታ ከተረፈ ሻንጣውን ነው። ጣልያንኛው ኮፋኖ በመሠረቱ ሣጥን ማለት ስለሆነ በውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም፤ ስለዚህም ሞተሩ በፊትም ይሁን በኋላ አይዋሽም። የእኛ ምትክ ግን የአንድን ዐይነት መኪና ሁኔታ በስሙ ውስጥ ቆልፎ ለሁሉም አደለው። እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችን ስንሰብክ የኖርነው «ግልጽ ስያሜ ከድፍን ስያሜ ይሻላል» የሚለው ደንብ መታረም ያለበት ይመስለኛል። ግልጽ ስያሜ የሚሻለው እውነት የሚናገር ሲሆን ብቻ ነው።

ጀርመኖች ራሳቸው በዚህ መንገድ አልፈዋል። ኦቶ ሳራጺን የተባለው የሕንጻና የባቡር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1886 የባዕድ ቃላትን በጀርመንኛ የሚተካ መዝገበ ቃላት አሳትሞ ነበር። የባቡር መሳፈሪያውን መድረክና በባቡር ውስጥ ያለውን የተከለለ ክፍል ከፈረንሳይኛ ስማቸው አላቆ የሰጣቸው የጀርመንኛ ስሞች ዛሬም ይሠራባቸዋል። ስለ አውቶሞቢል የወጣው ጀርመንኛ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው፤ ክራፍትፋርጾይግ የሚለው ቃል በሕግና በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ሲቀር፣ ሕዝቡ አውቶ ይላል። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል፣ የባቡሩን ቃል ያወጣው አካል ጣቢያዎቹን ራሱ ያስተዳድር ስለነበር ቃሉን በየመድረኩ ላይ ጽፎ ሊሰቅለው መቻሉ ነው። እኛ የምናስተዳድረው ጋራዥ የለም። በመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ የሚጻፈውም ካንዴላ እንጂ ብልጭታ ሰጪ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚያበሳጭ ቢሆንም ሞተር አያበላሽም። ሞተር የሚያበላሸውን ለማስረዳት ግን በራሴ ላይ የደረሰውን መናገር ግድ ይሆንብኛል።

አንዲት ባለ 1300 ቮልስ አለችኝ። አንድ ጊዜ ዳገት ላይ ጉልበት አጣችና ወደማውቀው ጋራዥ ወስጄ ተውኋት። በማግሥቱ መካኒኩ ቤት ደውሎ ልጄን አገኘው፤ ልጄም መልእክቱን በትክክል አደረሰልኝ፦ «ቫልቮላው ተቃጥሏል»። እኔም ደስ አለኝ፤ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄጄ በጥቂት ብር አንድ እፍኝ ፊውዝ ገዛሁ። ጋራዥ ስደርስ ሞተሩ ከመኪናዋ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው መካኒክ በእጄ ያለውን አይቶ፣ «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የመብራቱ ቫልቮላ ነው፤ እኔ ያልኩት የሞተሩን ነው» አለኝ። የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ አንሥቶ አሳየኝ፤ ጠርዙ አይጥ እንደ በላው ዳቦ ተገምጧል። ሌሎቹ ሠራተኞች አልሳቁም፤ ቢስቁ ግን አልቀየማቸውም ነበር።

ስሕተቱ የማን ነው? ጣልያንኛ ራሱ ቫልቮላን ለሁለቱም ይጠቀምበታል፤ ጋዝና ፈሳሽ የሚያስገባና የሚዘጋውንም፣ በኤሌክትሪክ መሥመር ላይ ተቃጥሎ መሥመሩን የሚያድነውንም። የጋራዥ አማርኛ ሁለቱን ፍቺ ከነቃሉ ወርሷል። አደጋው የሚመጣው ሁለቱም ዕቃዎች አንድ ዐይነት ግስ ስለሚይዙ ነው፤ ሁለቱም «ይቃጠላሉ»። አንዱ ሲቃጠል ሥራውን ፈጽሞ ነው፤ ሌላው ሲቃጠል ሥራውን አጥቶ ነው። አንዱ የጥቂት ብር ጉዳይ ነው፤ ሌላው ሞተር ያስወርዳል። በዝርዝሩ ውስጥ ይህን ስፈልግ ያገኘሁት «ቫልቮላ፦ ፊውዝ» የሚል ብቻ ነው። የሞተሩ ቫልቭ ደግሞ ከዚያ በራቀ ገጽ «ከፋች ዘጊ» ተብሎ ተቀምጧል፤ ጋራዡ ቫልቮላ እንደሚለውም አልተነገረም። በዚህ ዝርዝር የሠለጠነ ወጣት ነገ ጋራዥ ገብቶ አለቃው «ቫልቮላው ተቃጥሏል» ሲለው፣ እንደ እኔው ፊውዝ ፍለጋ ይሄዳል። እኔን ያሳሳተኝ አለማወቄ ነው፤ እሱን የሚያሳስተው መጽሐፉ ነው።

በነገራችን ላይ የቃሉ ሥር የላቲኑ ቫልቫ፣ የተከፋች በር አንዱ ገጽ ነው። አማርኛችን ለዚህ «መዝጊያ» የሚል ያማረ ቃል አለው። ማንም እንዳልተጠቀመበት አያለሁ፤ እኔም አሁን ጊዜው ያለፈበት ይመስለኛል። ቫልቭ ለሞተሩ፣ ፊውዝ ለመብራቱ ቢባልና ቫልቮላ በሁለቱም ሥር ከነማስጠንቀቂያው ቢመዘገብ ይበቃል።

የቫልቩ መቃጠል ምክንያት ግን ከቃሉ አሻሚነት የከፋ የትርጉም ጉዳይ ከፈተልኝ። ከመበላሸቷ አንድ ወር ያህል በፊት መኪናዋ «ቀጭ ቀጭ» ስላለችብኝ በሌላ ጋራዥ ቫልቮቹን አስተካክዬ ነበር። ድምፁ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ እኔም ረክቼ ነበር። ይህን ለሽማግሌው መካኒክ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ዶክተር፣ ይቺ ሞተር ስትንጫጫ አትሞትም፤ ዝም ስትል ነው የምታስፈራው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ይተዋል፤ እንደ ሞተሩ ዘመን 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው። ይህ ክፍተት ባይኖር ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ ቫልቩ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ሊያርፍ አይችልም። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው በዋናነት መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት ስለሆነ፣ ማረፊያ ያጣ ቫልቭ ይግላል፤ በጠርዙ የሚያመልጠው እሳት ይበላዋል። በቮልስ ላይ ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑም በዕድል አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ድረስ በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በነፋስ ማራገቢያው ቤት ውስጥ ከዚሁ ሲሊንደር በላይ ስለተተከለ፣ ለእሱ የሚደርሰውን ንፋስ ይሻማዋል። ቫልቩ በሥራ ብዛት ሲለጠጥ ደግሞ ክፍተቱ ይጠባል እንጂ አይሰፋም። ስለዚህ ድምፅ መጥፋቱ የጤና ሳይሆን የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጀርመኖች ይህን ክፍተት ፌንቲልሽፒል ይሉታል፤ ሽፒል ጨዋታ ነው። ጣልያኖችም እንዲሁ ጨዋታ ይሉታል። ቃሉ ሁለት አካላት ሳይነካኩ ለመንቀሳቀስ ያላቸውን ነፃነት ያመለክታል፤ ነፃነት ሲበዛም ሲያንስም ጉዳት አለው፤ ልኩ ግን በጎ ነገር ነው። የእኛው መመሪያ ይህን ሥራ የገለጸው «የቫልቩን መላላት ማስወገድ» በሚል ነው። ትርጉሙ ከየትኛው ቋንቋ እንደተወሰደ አልተነገረም፤ ከየትም ይምጣ ስሕተቱ ከአማርኛው ላይ ነው። «መላላት» በቋንቋችን ነውር ነው። የላላ ገመድ ይጠበቃል፤ የላላ ቡለን ይጠብቃል፤ ሥነ ሥርዐት ሲላላ ይወቀሳል። «ማስወገድ» ደግሞ ምንም ሳያስቀሩ ማጥፋት ነው። ይህን ያነበበ ትጉህ ሠልጣኝ ልኩን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ቢያይ እንኳ፣ አኀዙን ለመላላቱ የተፈቀደ የመጨረሻ ወሰን አድርጎ ይወስደዋል፤ እስከ ዜሮ ቢያጠብቀው የበለጠ የሠራ ይመስለዋል። ድምፁም ሲጠፋ ይመሰገናል። በአንድ ወር ውስጥ ሞተሩ መሬት ላይ ይቀመጣል። መኪናዬን ያስተካከለው ሰው መመሪያውን ይንበበው አያንበበው አላውቅም፤ እጁ ግን ገጹ እንደሚያዝዘው ነው የሠራው።

ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ የማቀርበው ቃል «መላወሻ» ነው። ተላወሰ ከሚለው ግስ የወጣ የቦታና የመሣሪያ ስም ሲሆን፣ በቅርጹ ራሱ «የሚላወሱበት ስፍራ» ይላል። «መላወሻ አጣ» ስንል ማጣቱ እንጂ መላወሻው ነውር አይደለም፤ የሽፒል ጠባይም ይኸው ነው። «መፈናፈኛ» የሚለውን የሚመርጥ ይኖር ይሆናል፤ እሱ ግን በጠበበ ቤት የሚኖር ሰውን ስለሚያስታውስ ለብረት አይመቸኝም። ከዚያ በኋላ መላወሻ ይለካል፣ መላላት ይመረመራል ብለን ሁለቱን መለየት እንችላለን። መሪው ጥቂት መላወሻ ይኖረዋል፤ ከልኩ ካለፈ ግን ላልቷል።

የሞተሩን ማቀዝቀዣ በሚመለከተው ክፍል ደግሞ ከዝርዝሩ ሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝንና እጅግ ያሳዘነኝን ቃል ጎን ለጎን አገኘሁ። ጣልያንኛ ተናጋሪዎች ቺንጊያ፣ ጀርመኖች ካይልሪመን የሚሉት የጎማ ቀበቶ «ጠፍር» ተብሏል። እንዴት ያለ ሸጋ ምርጫ ነው! ሪመን እኮ ጠፍር ነው፤ ካይል ሽብልቅ ነው፤ «ሽብልቅ ጠፍር» ቢባል የቀበቶው ቅርጽም ይነገራል። አጠባበቁም በግልጽ ተጽፏል፤ ጠፍሩ በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ይረግባል፤ ከዚያ በላይ ከረገበ የዲናሞው መዘውር በሁለት ይከፈልና ከመካከሉ ሮንዴላ ይቀነሳል፤ የተቀነሰው ሮንዴላም እንዳይጠፋ በውጪ በኩል ከዳዶው ሥር ይቀመጣል። የተባለውን ያደረገ አይሳሳትም።

ያሳዘነኝ በዚያው ገጽ ያለው «የባትሪ መብራት» ነው። በሾፌሩ ፊት የምትበራውን ቀይ መብራት እንዲህ ብሎ ጠርቷታል፤ ፍቺውም ባትሪው እየተሞላ አለመሆኑን ታመለክታለች ይላል። ይህ በብዙ መኪና ላይ በቂ ነው። በቮልስ ላይ ግን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የተተከለው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ያው ጠፍር ነው። ውሃ የለም፣ ራዲያተር የለም፣ የሙቀት መለኪያም አልተሠራላትም። ጠፍሩ ሲበጠስ ባትሪ መሞላቱም ማቀዝቀዙም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ ይህን የምትናገር ያቺ ቀይ መብራት ብቻ ናት። «የባትሪ መብራት» ብሎ የተማረ ሾፌር፣ ባትሪው እስከ ቤት ያደርሰኛል ብሎ ይቀጥላል፤ እንዲህ ማሰቡም ከተማረው አንጻር ትክክል ነው። ሞተሩ የሚያልቀው በዚህ ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው። እኔ «የጠፍር መብራት» ብትባል እመርጣለሁ። የመብራቷ ስም ሾፌሩ ወርዶ ማየት ያለበትን ዕቃ ቢጠራ፣ ስሙ ራሱ ትእዛዝ ይሆናል።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ስሞች ነው፤ ዝርዝሩም የያዘው ስሞችን ብቻ ነው። ዋናው ጉድለቱም ይህ ነው። ብልሽት ማፈላለግ የስም ሥራ አይደለም። መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆነች?» ብሎ ነው፤ መልሱም ግስ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን፤ ጋራዡ ስሙን ከጣልያን ሲዋስ ግሱን አልተዋሰም ማለት ይቻላል። ፍሬን ጣልያንኛ ነው፤ ፍሬን «ይይዛል»፣ «ይሰምጣል»፣ «ይጎትታል» ግን አማርኛ ነው። ማርሽ «አልገባም ይላል»። ሞተር ዘይት «ያልበዋል»፣ «ያፈሳል»፣ «ይበላል»፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ተመሳሳይ አይደሉም። የመጀመሪያው በአሮጌ ቮልስ ላይ ችላ የሚባል ነው፤ ሁለተኛው ማሸጊያ መለወጥን ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ዘይቱ ከነዳጁ ጋር መቃጠሉን የሚናገር ስለሆነ ሰማያዊ ጭስ ይከተለዋል። ካርቡራተሩ «ያስነጥሳል»፤ ማርሚታው «ይተኩሳል»። የውሰቱን ስም ለማባረር ስንሮጥ፣ ማንም ሳያዘን በገዛ ቋንቋችን ያደገውን የግስ ሀብት ከመዝገቡ ውጪ ትተነዋል።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሞተር «ይነክሳል»፤ ሞተር «ያነክሳል»። የመጀመሪያው ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ከሲሊንደሩ ጋር ተያይዞ መድረቁ ነው፤ ሁለተኛው ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሳይቀጣጠል ቀርቶ መንገዳገዱ ነው። በጽሕፈት የሚለያዩት በአንድ ፊደል፣ በ«ይ» እና በ«ያ» ብቻ ነው። ቃላትን በሥር የሚደረድር አዘጋጅ ሁለተኛውን የመጀመሪያው አድራጊ አድርጎ በአንድ ሥር ሊያኖረው ይችላል። ግእዙን ብንጠይቅ ግን መንከስ ነሰከ ነው፤ ድምፁ በአማርኛ ተዛውሮ ነከሰ ሆኗል፤ ማንከስ ደግሞ ሐንከሰ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው «አ» የእርባታ ቅጥያ ሳይሆን የሐ ቅሪት ነው። ዝምድና የላቸውም። ጋራዡ ይህን ታሪክ ሳያውቅ ሁለቱን ፈጽሞ አያደባልቅም፤ የነከሰ ሞተር ይፈታል፣ ያነከሰ ሞተር ካንዴላው ይታያል።

ከግሶቹ ሁሉ እጅግ የተናቁት በ«አለ» የሚረቡት የድምፅ ቃላት ናቸው። ቀጭ ቀጭ አለ፣ ኳ ኳ አለ፣ ሲጥ አለ፣ ጧ አለ፣ ፍስ አለ። ሰዋስው ጸሐፊዎቻችን እነዚህን በሥነ ግጥምና በተረት ምሳሌነት ሲጠቅሱ፣ የሙያ ቃላት አሰባሳቢዎች ግን ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። በጋራዥ ውስጥ ግን ሙሉ የምርመራ ቃላት ናቸው። ቀጭ ቀጭ የቫልቭ ነው፤ ቀላል፣ እኩል ምት ያለው፣ ከላይ አስታውሼው እንደ አለፍሁት በመጠኑ ከሆነ የሚወደድ ነው። ኳ ኳ ከሥር የሚመጣ ከባድ ድምፅ ሲሆን የተበላ የዘንግ ማረፊያን ያመለክታል፤ ሲሰማ ሞተር ይጠፋል። ሲጥ የላላ ጠፍር ነው። ፍስ የሚለው ደግሞ አየር የሚያመልጥበት ቀዳዳ መኖሩን ይናገራል። የጠባዩን ልዩነት «ያልተለመደ ድምፅ» በሚል አንድ ሐረግ የጠቀለለው መመሪያችን ሠልጣኙን ጆሮ ነሥቶታል።

ከድምፅ ወደ መልክ ስንሄድም እንዲሁ ነው። ጀርመን መካኒኮች የወለቀውን ካንዴላ አፍ «የሻማ ፊት» ይሉታል፤ ጤናማውንም በሚዳቋ መሰል ቡናማ መልክ ይገልጹታል፤ ሬብራውን ይላሉ። መመሪያው «ቡናማ» ብሎ አልፎታል። የተቆላ ቡናም ቡናማ ነው፤ ያ መልክ ያለው ካንዴላ ግን ወደ ጥቁረት እየሄደ ነው። ለከብትና ለፈረስ ጠጉር ዳለቻ፣ ቡላ፣ ዳማ እያለ የሚለይ ቋንቋ ለካንዴላ ፊት ምነው ደኸየ? ጤናማው ቡላ ነው ብንል ገበሬ አባት ያለው ሠልጣኝ ሁሉ ወዲያው ያየዋል። ነገሩ ለእኛ ከሌሎች ይበልጥ ይጠቅመናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ በቡላና በዳማ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያይ ዐይን የሚያስፈልገው ከሀምቡርግ ይልቅ እዚህ ነው።

አንባቢ፣ «ጸሐፊው የጋራዡን ቋንቋ እንዳለ እንቀበል ይለናልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አላልሁም። ቫልቮላን ራሱን ነቅፌዋለሁ፤ ጠፍርን አመስግኛለሁ። የዘመናዊው የሙያ ቃላት ጥናት አባት የሚባለው ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ኦይገን ቩስተር፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ካሳተመው የዶክትሬት ጽሑፉ ጀምሮ የመከረን ከፅንሰ ሐሳቡ ተነሥተን ወደ ስያሜው እንድንሄድ፣ ለአንድ ፅንሰ ሐሳብም አንድ ስያሜ እንድንሰጥ ነበር። ምክሩን ተቀብለን ስናበቃ ፅንሰ ሐሳብን ከዕቃ ጋር አምታታነው። ዕቃውን አይተን ስም ሰጠነው፤ መበላሸቱን፣ መላወሻውን፣ መናከሱን ግን በእጅ ስለማይያዙ ፅንሰ ሐሳብ መሆናቸውን ረሳን። ለመካኒክ ግን ከቡለኑ ይልቅ የቡለኑ መላላት የበለጠ ተጨባጭ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዴት ይሁን ለሚለው ረጅም ዕቅድ የለኝም። ቃል ሰብሳቢው ከመጽሐፍ ትርጉም ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሳምንታት ጋራዥ ውስጥ ቢቀመጥ፣ መቅጃውንም ዕቃ ሲፈታ ሳይሆን ደንበኛው ሕመሙን ሲናገርና መካኒኩ ሲመልስለት ቢከፍተው፣ ግሶቹ ራሳቸው ይመጣሉ። በየዋናው ቃል ሥርም ዕቃው ምን እንደሚሆን የሚገልጹት ግሶች ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ጠፍር፦ ይላላል፣ ሲጥ ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይበጠሳል»።

ለመመሪያው አዘጋጆች በላክሁት ደብዳቤ ሌላው ሁሉ እስከሚቀጥለው እትም ሊቆይ እንደሚችል ገልጬ፣ ሁለት ቦታዎች ግን አሁኑኑ እንዲታረሙ ለምኛለሁ። መጽሐፉ በሠልጣኞቹ እጅ ስላለ በቫልቩ ገጽ ላይ «መላላት ማስወገድ» የሚለውን የምትሸፍን ቁራጭ ወረቀት ትለጠፍበት፤ «ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ መላወሻውን በልኩ አስተካክል፤ ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ መልሰህ ለካ» የሚል ይጻፍባት። በመብራቷ ገጽ ላይ ደግሞ «ከበራች ቁም፤ ሞተሩን አጥፋ፤ ጠፍሩን እይ» ይባል።